በአሲድ የተሸረሸረ ጥርስ ሙሌት ይይዛል ወይስ አይይዝም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በአሲድ የተሸረሸረ ጥርስ ሙሌት አይይዝም» ብሎ የሚደመድም አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ያደረሱኝ ታካሚዬ ናቸው፤ ጽሑፉን አንብበው ቀጠሯቸውን ሊሰርዙ ነበር። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ አሲድ የነካው ጥርስ፣ ኢናሜሉም (ጠንካራው የውጭ ሽፋን) ሆነ ዴንቲኑ (ከሽፋኑ ሥር ያለው ቢጫማ አካል)፣ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ሐኪሙ ከመሙላቱ በፊት የሚቀባው ፎስፎሪክ አሲድ የምግብና የሆድ አሲድ ቀድሞ የሠራውን ከመድገም ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ ማጣበቂያ መምረጥ ካስፈለገ በቤተ ሙከራ ከፍተኛውን ሜጋፓስካል (የአያያዝ ጥንካሬ መለኪያ) ያስመዘገበውን መውሰድ ይበቃል፤ ግላስ አዮኖመር የሚባለው የመሙያ ቁስ ለዚህ ዓይነት ጥርስ ጨርሶ አይሆንም፤ ከመሙላት በፊት ገጹን በመቦርቦሪያ መነካካት በተጎዳ ጥርስ ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው፤ ስለዚህ የሚያዋጣው ጥርሱን በክራውን (ጥርሱን ዙሪያውን በሚያለብስ ሰው ሠራሽ ቆብ) ሸፍኖ አሲዱን መገላገል ነው።

ጥርስ ስሞላ ዓመታት አልፈውኛል፤ የወለቁብኝ ሙሌቶችም አሉ። ስለዚህ «ሁሉም ይይዛል» ብዬ ለመከራከር አልተነሣሁም። እንዲያውም ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። ማጣበቂያ በአሲድ በተሸረሸረ ዴንቲን ላይ የሚይዘው በጤናማ ዴንቲን ላይ ከሚይዘው ባነሰ ጥንካሬ ነው። ይህ በቤተ ሙከራ ተደጋግሞ ታይቷል፤ ሥራው ላይ ያለን ሰዎችም በእጃችን ያየነው ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ጸሐፊው «ዴንቲን» የሚለውን ቃል አንሥተው በቦታው «ጥርስ» የሚለውን ሲያስቀምጡ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህች አንዲት ልዋጭ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ነው፤ የቀረው ውሃና ጥቂት ኦርጋኒክ ነገር ነው። በዴንቲን ውስጥ ግን ማዕድኑ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ 20 በመቶ ገደማው በአብዛኛው ኮላጅን የሚባለው የፕሮቲን ክር ሲሆን ሌላው ውሃ ነው። አሲድ ኢናሜልን ሲያሟሟ ከኋላው የሚተወው ቅሪት የለም ማለት ይቻላል፤ ገጹ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ በላዩ ጥቂት ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የለሰለሰ ንብርብር ይኖራል፣ ከዚያ በታች ያለው ያው የድሮው ጠንካራ ኢናሜል ነው። አሁን ሐኪሙ የሚያደርገውን እንይ። ከ30 እስከ 40 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ጄል ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ሲቀባ፣ ጄሉ ከኢናሜሉ ላይ እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርስ ውፍረት ጠርጎ ይወስድና ከሥሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ገጽ ያወጣል። የለሰለሰውም ንብርብር አብሮ ይጠረጋል። ሬዚኑ፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ የሚጠነክረው የማጣበቂያው ቁስ፣ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ሲጠነክር በሺህ በሚቆጠሩ ጣቶች ጨበጠው ማለት ነው። ማይክል ቡኖኮር በ1955 ይህን ዘዴ ሲያስተዋውቁ የተጠቀሙት 85 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ነበር፤ ክምችቱ ቀንሷል እንጂ መርሑ እስካሁን አልተለወጠም። በተሸረሸረ ኢናሜል ላይ በዚህ መንገድ የተሠራ ሙሌት በጥቅሉ ሲታይ በጤናማ ኢናሜል ላይ ከተሠራው እምብዛም አያንስም። ስለ ኢናሜል የተባለው እንግዲህ እዚሁ ያበቃል።

«የምግብና የሆድ አሲድ ሥራውን ቀድሞ ሠርቶታል» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ላዩን ሲያዩት ብልሃት ይመስላል፤ አሲድ ያው አሲድ ነውና። ልዩነቱ ያለው በሁኔታው ነው። ሐኪሙ አሲዱን የሚቀባው በጎማ ሽፋን ከምራቅ በተለየ ጥርስ ላይ ነው፤ በሰከንድ ይለካዋል፣ በውሃ ያጥበዋል፣ የተከፈተውም ገጽ ምራቅ ሳይነካው ወዲያውኑ ሬዚን ይገባበታል። በአፍ ውስጥ ለዓመታት አሲድ ሲመላለስበት የኖረ ገጽ እንዲህ አይደለም። ምራቅ የፕሮቲን ልባስ አልብሶታል፤ ከምራቁ የመጣ ማዕድን በከፊል መልሶ ተቀምጦበታል፤ ብሩሽ የለሰለሰውን በየቀኑ ጠርጎታል፤ ዴንቲን ከሆነም ወደ ነርቭ የሚያመሩት ጥቃቅን ቱቦዎች በማዕድን ተደፍነው ገጹ እንደ መስተዋት ሊያንጸባርቅ ይችላል። ይህንን «የተዘጋጀ ገጽ» ብሎ መጥራት፣ ዝናብ የመታውን ግድግዳ ታጥቧል ብሎ ቀለም እንደ መቀባት ነው።

በዴንቲን ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል፤ የዚህ ሁሉ ክርክር እምብርትም እዚህ ያለ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አሲድ ከዴንቲን ላይ ማዕድኑን ሲወስድ የኮላጅኑ መረብ በቦታው ይቀራል፤ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ዓይነት ነገር ነው። ኖቡኦ ናካባያሺና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ1982 እንዳሳዩት፣ ሬዚን ወደዚህ መረብ ሰርጎ ሲጠነክር ግማሹ ሬዚን፣ ግማሹ ጥርስ የሆነ አንድ ንብርብር ይፈጠራል፤ በሙያው ሃይብሪድ ሌየር የሚባለው ይህ ነው። ንብርብሩ የሚጸናው ሬዚኑ መረቡን እስከ ግርጌው፣ ማለትም ማዕድን ያለበት ዴንቲን እስከሚጀምርበት ድረስ ሲሞላው ነው። በጤናማ ዴንቲን ላይ ፎስፎሪክ አሲድ 15 ሰከንድ ያህል ሲቆይ ባዶ የሚሆነው መረብ ጥቂት ማይክሮሜትር ስለሆነ ሬዚኑ ይደርስበታል። በተሸረሸረ ዴንቲን ላይ ግን መረቡ ከመጀመሪያው ባዶ ነው። በዚህ ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ሲጨመርበት የባዶው ጥልቀት ይጨምራል፤ ሬዚኑ ግን ከላይ ከላይ ብቻ ገብቶ ይቀራል። ከሥሩ ማዕድኑም የሌለው፣ ሬዚኑም ያልደረሰው፣ እርቃኑን የቀረ ኮላጅን ይተኛል። በዴንቲኑ ውስጥ ያሉት ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይሞች ከውሃው ጋር ሆነው በወራትና በዓመታት የሚበሉት ይህንኑ ነው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይ ኢንዛይሞቹን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ያልደረሰውን ሬዚን ግን አያደርሰውም።

ስለዚህ ጸሐፊው «ፎስፎሪክ አሲዱ አያስፈልግም» ሲሉ ስለ ዴንቲን ብቻ ተናግረው ቢሆን ኖሮ ወደ እውነቱ ተጠግተው ነበር። ምክንያታቸው ግን የተገለበጠ ነው። በተሸረሸረ ዴንቲን ላይ አሲዱን የምንተወው ሥራው ቀድሞ ስለተሠራ ሳይሆን ከልኩ አልፎ ስለተሠራ ነው።

ይህንን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በሥራዬ መጀመሪያ ዘመን ቃር ለዓመታት ያሠቃያቸው አንዲት እናት መጡ። የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ውስጠኛ ገጽ፣ ምላስ በሚነካው በኩል፣ ተሸርሽሮ ቢጫው ዴንቲን ወጥቶ ነበር፤ ከድዱ አጠገብ ብቻ ነጭ የኢናሜል ክር ቀርታለች። ይህች ክር የሆድ አሲድ በሚያጠቃቸው ሰዎች ጥርስ ላይ አዘውትራ የምትታይ ምልክት ናት። እኔ ታዲያ «ገጹ እንዲህ ከለሰለሰ ጠንከር ያለ ዝግጅት ይፈልጋል» ብዬ ጄሉን ኢናሜል ዴንቲን ሳልለይ አንድ ደቂቃ ያህል አቆየሁት። ከአምስት ወር በኋላ ወይዘሮዋ አንዱን ሙሌት በሶፍት ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ዶክተር፣ ምንም ሳላኝክበት ነው የወለቀው፤ ጠዋት ስነሣ ምላሴ ላይ አገኘሁት» አሉኝ። በማጉያ መነጽር አየሁት። ጥርሱን ይነካ የነበረው ፊቱ ከጥርሱ አንዳች ነገር ሳይዝ እንደ ጥፍር ለስልሶ ነበር። አንድ ጠርዙ ግን ተሰብሯል። ስብርባሪውን ስፈልገው አፋቸው ውስጥ አገኘሁት፤ ያችን የኢናሜል ክር እንደ ያዘ ነበር፣ በመሣሪያ ብገፋውም አልነቃነቅ አለ። አንድ ጥርስ፣ አንድ ማጣበቂያ፣ አንድ ሐኪም፤ ኢናሜሉ ላይ የያዘው ያዘ፣ ዴንቲኑ ላይ የተቀመጠው ወለቀ። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ሲከቷቸው ይህች ስብርባሪ ትዝ አለችኝ።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ፎስፎሪክ አሲዱን በኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ብቻ እንቀባለን፤ ዴንቲኑን ራሱ ማጣበቂያው በውስጡ ባለው ለዘብ ያለ አሲድ እንዲያዘጋጀው እንተዋለን። ከእነዚህ ማጣበቂያዎች ብዙዎቹ ኤምዲፒ የሚባል ሞለኪውል አላቸው፤ በአንድ ጫፉ የጥርሱን ካልሲየም፣ በሌላው ጫፉ ሬዚኑን ይይዛል። ካልሲየም ከሌለ ግን የሚጨብጠው የለም፤ የተሸረሸረ ዴንቲን ላይኛው ገጽ ደግሞ የጎደለው በትክክል ይኸው ካልሲየም ነው። ወደዚህ በአምስተኛው ነጥብ እመለሳለሁ። ሌላው ጉዳይ የእጅ ሥራ ነው። ማጣበቂያው እንደ ቀለም ተለቅልቆ የሚተው አይደለም፤ በትንሿ ብሩሽ 20 ሰከንድ ያህል ገጹ ላይ ይታሻል፤ ከዚያም ፈሳሹ መሞገዱን አቁሞ በቦታው እስኪረጋ ድረስ በለዘብተኛ አየር ይነፋል፤ ውስጡ ያለው ኤታኖል ወይም አሴቶን ከውሃው ጋር መውጣት አለበትና። ይህ ሳይሆን ማጣበቂያውን የሚያጠነክረው ብርሃን ከተለቀቀበት ውሃ ያቆረ ንብርብር ይጠነክራል። ብዙ «የአሲድ ጥፋት» የሚባል መውለቅ እዚህች ላይ በችኮላ የተሠራ ጥፋት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ የሜጋፓስካል ሠንጠረዥ ነው። ጸሐፊው ማጣበቂያዎችን በቁጥር ደርድረው ከላይ ያለውን እንድንመርጥ ይመክራሉ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን አልነገሩንም። በብዛት የሚሠራበት ሙከራ ይህንን ይመስላል፦ የተነቀለ ጥርስ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ገጽ ይወጣለታል፤ በሲትሪክ አሲድ ለተወሰነ ደቂቃ ወይም በተደጋጋሚ ዙር ይነከራል፤ ማጣበቂያና ኮምፖዚት (ሬዚን ያለበት የመሙያ ቁስ) ይሠራበታል፤ ከዚያም አንድ ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ወዳላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ይሰነጠቅና እያንዳንዱ ዘንግ በማሽን ተስቦ የሚበጠስበት ኃይል ይለካል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ እጅ የተሠሩ ሁለት ቁሶችን ለማነጻጸር ደኅና ሚዛን ነው። ነገር ግን ከተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የመጡ ቁጥሮችን ለቅሞ በአንድ ሠንጠረዥ መደርደር፣ የተለያየ ስንዝር ባላቸው ሰዎች የተለኩ ጨርቆችን እንደ ማወዳደር ነው። ከዚህም በላይ በ24 ሰዓት የተለካው ቁጥርና፣ ዘንጉ ለወራት ውሃ ውስጥ ከከረመ ወይም በ5 እና በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሺህ ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የሚለካው ቁጥር አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ላይ ከሁሉ የበለጠው ቁስ መጨረሻ ላይ ከኋላ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም በሲትሪክ አሲድ የተነከረው ጥርስ ብሩሽ አላረፈበትም፣ ፔፕሲን የሚባለው የሆድ ኢንዛይም አልደረሰበትም፣ ቱቦዎቹም በዓመታት አልተደፈኑም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ጸሐፊው በአራተኛው ነጥብ ያጣጣሉት ግላስ አዮኖመር ራሱ ነው። ዊልሰንና ኬንት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቁት ይህ ቁስ በመሳብ ሙከራ የሚያስመዘግበው ቁጥር ከሬዚን ማጣበቂያዎች እጅግ ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱ ሳይበሰብስ በአንገቱ ላይ በሚከሰቱ ጉድጓዶች፣ በታካሚዎች አፍ ውስጥ ለዓመታት በተደረጉ ክትትሎች፣ እምብዛም ካልወለቁት ቁሶች ተርታ የሚመደበው እሱ ነው። በሠንጠረዥ ጭራ የነበረው በአፍ ውስጥ ግንባር ሆነ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካዊ መንገድ ይያያዛል፣ እንደ ኮምፖዚት ሲጠነክር ተኮማትሮ ከጥርሱ ግድግዳ ለመላቀቅ አይታገልም። ጸሐፊው ግን ጨርሶ ያለ መሠረት አልተናገሩም፤ ግላስ አዮኖመር አሲድ ሲደጋገምበት የራሱ ገጽ ይሟሟል፣ በዚህ ረገድ ኮምፖዚት ይበልጠዋል። ስለዚህ የሆድ አሲዱ ገና ያልታከመ ሰው የላይ የፊት ጥርሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ግላስ አዮኖመር አላደርግም። በታችኛው መንጋጋ ጥርስ አንገት ላይ፣ እርጥበቱን መቆጣጠር በሚያስቸግርበት ቦታ ግን ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነ ፖሊአክሪሊክ አሲድ ገጹን አጽድቼ ሳላመነታ እሠራዋለሁ። «ጨርሶ አይሆንም» የሚለው ፍርድ የት ቦታ እንደሆነ ሳይጠይቅ የተሰጠ ነው።

ወደ አምስተኛው ልምጣ፤ «ገጹን በመቦርቦሪያ መነካካት ጉዳት መጨመር ነው» ወደተባለው። የዚህ ስጋት ምንጭ ይገባኛል፤ ጥርሱ ቀድሞውኑ የተመናመነ ሰው ድምፁን ሲሰማ መደንገጡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚነሣው ምን ያህል ነው? በረቂቅ የአልማዝ ጫፍ፣ ጫና ሳይደረግ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ገጹን ማለፍ ነው። የሚነሣው በዓይን የማይለይ ስስ ንብርብር፣ ያውም ማዕድኑን ያጣው፣ ሬዚን የማይጠግበው፣ ኤምዲፒ የሚጨብጥበት ካልሲየም የሌለው የኮላጅን ሽፋን ነው። ከሥሩ የሚወጣው ማዕድን ያለው ዴንቲን ነው። ይህ ከተደረገ በኋላ የማጣበቂያው አያያዝ እንደሚሻሻል ሙከራዎች ያሳያሉ፤ ሁልጊዜ ወደ ጤናማው ዴንቲን ደረጃ ይመለሳል ማለት ግን አይደለም፣ ይህንንም መሸሸግ ተገቢ አይሆንም። በመቦርቦሪያ ፈንታ ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በአየር ግፊት መንፋትም አንድ አማራጭ ነው። ሽፋኑን በሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በበረኪና ውስጥ በሚገኘው ንጥረ ነገር፣ ማጠብም የተሞከረ መንገድ ነው፤ ኮላጅኑን ያሟሟል፣ ነገር ግን የሚተወው ኦክሲጅን የሬዚኑን መጠንከር ስለሚያውክ ሌላ ማካካሻ ይፈልጋል። እኔ መቦርቦሪያውን እመርጣለሁ፤ የሠራሁትን በዓይኔ አየዋለሁና።

የቀረው የመጨረሻው ምክር ነው፤ ጥርሱን በክራውን ሸፍኖ አሲዱን መገላገል። ሙሌትም ይሁን ክራውን የሚከላከለው የሸፈነውን ብቻ ነው። አሲዱ ካልቆመ፣ ቃሩ ካልታከመ ወይም አሲድ ያለበት መጠጥ እየተጎነጨ በአፍ ውስጥ የሚያዝ ከሆነ፣ በዙሪያው ያለው ጥርስ መሟሟቱን ይቀጥላል፤ ሙሌቱም በሸሸ ባሕር መካከል እንደ ቀረች ደሴት ከጥርሱ ገጽ በላይ ቆሞ ይገኛል። ሐኪሞች ይህንን እንደ መሸርሸር ምልክት ነው የምንቆጥረው፤ በአሮጌ አማልጋም (የብረት ሙሌት) ዙሪያ ደግሞ አጉልቶ ይታያል። የክራውን ጠርዝ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአንገቱ አካባቢ ነው፤ አንገቱ ላይ ኢናሜሉ ሳስቶ ወይም ጨርሶ ተለቅቆ ዴንቲን ሊጋለጥ ይችላል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምርበት ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው ሲባል፣ ዴንቲን ከዚያ ከፍ ባለ፣ ማለትም ለዘብ ባለ አሲድ ጭምር ይሟሟል። ስለዚህ ክራውኑ ከአሲድ ሊያስጥል ተብሎ የሚሠራው አሲድ ቶሎ ሊያጠቃው በሚችለው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው።

ከዚህ ደግሞ የሚብሰው የምክሩ እርስ በርስ መጋጨት ነው። ክራውን ለማስገባት ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ በፊት ጥርሶች ላይ ለሙሉ ክራውን የሚወገደው ከሚታየው የጥርሱ ክፍል ከግማሽ በላይ ነው። ከዚያም ክራውኑ የሚጣበቀው በዚያው በዴንቲን ላይ ነው። ክራውኑ ቢይዝ የሚይዘው የተሸረሸረው ገጽ ተሞርዶ ስለተወገደ ነው፤ ይኸውም ጸሐፊው በአምስተኛው ነጥብ «ጉዳት መጨመር» ብለው ያወገዙት ሥራ ሲሆን፣ ልዩነቱ በረቂቅ ጫፍ በስሱ ሊነሣ ይችል የነበረው በሚሊሜትር ተቆርጦ መሄዱ ነው። ያችን ቀጠሮ ሊሰርዙ የነበሩትን ታካሚ እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ከስድስቱ ጥርሶቻቸው አራቱ በኮምፖዚት ተሞልተዋል፣ የሁለቱ ግን የቃሩ ሕክምና እስኪጀመር ድረስ ይቆያል።